ሁለት ሰልፍ አንድ ሲሆን፦ የአሜሪካ መጋቢ አየር መንገዶች ውህደትና የአብራሪዎች ተራ



በሥራ መውጫ ሰዓት መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ታክሲ ጠብቆ የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። አርባ ደቂቃ ቆማችሁ፣ ከፊታችሁ አምስት ሰው ብቻ ሲቀር፣ ተራ አስከባሪው መጥቶ «ያኛው ሰልፍና ይሄኛው አንድ ሆነዋል፤ ተቀላቀሉ» አለ እንበል። ማን ከማን ፊት ይቁም? አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እየተባለ ይሰካካ? ቀድሞ የመጣ ይቅደም? ወይስ የዚያኛው ሰልፍ ሰው በሙሉ ከኋላችሁ ይሰለፍ? ለታክሲ ከሆነ የሚበላሸው አንድ ምሽት ነው። ዛሬ የማወራላችሁ ሰዎች ግን የሚቆሙት ሠላሳና አርባ ዓመት በሚፈጅ ሰልፍ ላይ ነው። ሰልፋቸው ከሌላ ሰልፍ ጋር ሲቀላቀል የሚናገርላቸው ሰው መኖር አለመኖሩ ነው የንግግሬ ፍሬ ነገር።

የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ አየር መንገድ የተቀጠረ አብራሪ ገና ሥራ ሲጀምር አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። እነሱ ሲኒዮሪቲ ይሉታል፤ እኔ ተራ እለዋለሁ። ከእሱ በፊት የተቀጠረ ሁሉ ከላዩ ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ከሥሩ ይሰለፋል። ችሎታው፣ ጠባዩ፣ ከአለቃው ጋር ያለው መግባባት ቁጥሩን አያስነሳውም። በየወሩ የበረራ መርሐ ግብር ሲወጣ በመጀመሪያ የሚመርጠው የላይኛው ነው፤ የተረፈውን ቀጣዩ ይወስዳል፤ ወደ ታች እየወረደ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ማንም ያልፈለገውን ይበራል። ገናን ከልጆቹ ጋር የሚያሳልፈው ማን ነው? በየትኛው ከተማ ይመደባል? ከረዳት አብራሪነት ወደ ካፒቴንነት የሚሻገረው መቼ ነው? ሥራ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሰናበተው ማን ነው? ይህን ሁሉ የሚወስነው ያ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ አይሄድም። ሐኪም ከአንድ ሆስፒታል ወጥቶ ሌላ ቢገባ፣ የሃያ ዓመት ልምዱ ደመወዙንም ክብሩንም ይዞለት ይገባል። አሥራ አምስት ዓመት በካፒቴንነት የበረረ ሰው ግን ኩባንያው ቢዘጋና ሌላ ዘንድ ቢቀጠር ከሰልፉ ጭራ ይጀምራል፤ ዕድሜው ከልጁ ጋር ከሚቀራረብ ካፒቴን አጠገብ በረዳትነት ይቀመጣል። ስለዚህ አብራሪ ያጠራቀመው ትልቁ ሀብት በባንክ ያለው ገንዘብ አይደለም፤ ኩባንያው በያዘው ዝርዝር ላይ ያለች ቦታው ናት። ውህደት ሲመጣ የሚነካው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ መጋቢዎቹ ልግባ። ከትንሽ ከተማ ተነስታችሁ ዴልታ ወይም ዩናይትድ ተብሎ የተጻፈበት ሃምሳ ወይም ሰባ ስድስት መቀመጫ ያለው አውሮፕላን ብትሳፈሩ፣ ብዙውን ጊዜ አብራሪዎቹ የዴልታ ወይም የዩናይትድ ሠራተኞች አይደሉም። ቀለሙና ትኬቱ የትልቁ ኩባንያ ነው። አውሮፕላኑን የሚያበረው ውል የገባ ሌላ ኩባንያ ነው፤ መጋቢ የምለው እሱን ነው። በተለመደው ውል ትልቁ ኩባንያ ትኬቱን ይሸጣል፣ የነዳጁን ወጪ ይሸከማል፣ ለመጋቢው ለበረራው የተወሰነ ክፍያ ይከፍለዋል። እንግዲህ አስቡት፦ የትኬት ዋጋ በእጁ ያልሆነ፣ የነዳጅ ዋጋ የማይመለከተው ኩባንያ ከተፎካካሪው በምን ሊረክስ ይችላል? በሠራተኛ ወጪ ነው። ነባር አብራሪ የበዛበት መጋቢ ውድ ነው፤ አዲስ የበዛበት ርካሽ ነው። አብራሪው ታማኝ ሆኖ በቆየ ቁጥር ለኩባንያው ሸክም ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ሥርዓት ውስጥ እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ለምሳሌ ሩቅ አልሄድም። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ብዙዎቻችሁ በመኪና የምታልፉባት ማናሳስ የኮልገን ኤር መቀመጫ ነበረች። መሥራቹ ቻርልስ ኮልገን በቨርጂኒያ ምክር ቤት ለረጅም ዓመታት ሴናተር ነበሩ። የኩባንያው አብራሪዎች የሠራተኛ ማኅበር አልነበራቸውም። በ2007 መጀመሪያ ላይ በሜምፊስ፣ ቴኔሲ የነበረው ፒናክል የተባለ ሌላ መጋቢ ኩባንያውን በ20 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የፒናክል አብራሪዎች ደግሞ በትልቁ የአሜሪካ አብራሪዎች ማኅበር፣ በአልፓ፣ የታቀፉ ነበሩ፤ ከኩባንያቸውም ጋር ለአዲስ የኅብረት ስምምነት ለዓመታት ሲደራደሩ ነበር።

አንድ ባለቤት፣ ሁለት አየር መንገድ፤ አንዱ ማኅበር ያለው፣ ሌላው የሌለው። ባለቤቱ ሁለቱን አላዋሃዳቸውም፤ ለየብቻ አቆያቸው። ወዲያውም ለኮንቲኔንታል አየር መንገድ ከኒውርክ የሚበሩ ኪው 400 የሚባሉ አዳዲስ ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ታዘዙ። የተሰጡትም ለኮልገን ነው። ድርድር ላይ የተቀመጠው የፒናክል አብራሪ አዲሱ አውሮፕላን በጎን በኩል፣ ማኅበር ወደሌለው ወንድም ኩባንያ ሲሄድ ያያል። ማንም ምንም ባይናገርም መልእክቱ ይገባዋል። የኮልገን አብራሪስ ተጠቀመ ወይ? አዲስ አውሮፕላን አገኘ፤ የካፒቴንነት ዕድልም በቶሎ ደረሰው። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ልናሳንሰው አይገባም። ነገር ግን ደመወዙን፣ የሥራ ሰዓቱንና የሚመደብበትን ከተማ የሚወስነው ኩባንያው ነበር፤ በጽሑፍ የታሰረ ስምምነት በእጁ አልነበረም።

የኮልገን አብራሪዎች በ2008 ታኅሣሥ ድምፅ ሰጥተው አልፓን መረጡ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በ2009 የካቲት 12 ሌሊት፣ ከኒውርክ ወደ በፋሎ የሚበር የኮልገን ኪው 400 ሊያርፍ ሲቃረብ ክላረንስ ሴንተር በምትባል መንደር አንድ ቤት ላይ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎች በሙሉና በምድር ላይ አንድ ሰው፣ በድምሩ 50 ነፍስ ጠፋ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአደጋው ምክንያት የማኅበር አለመኖር ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። አደጋውን የመረመረው የመንግሥት ቦርድ ዋናው ምክንያት አውሮፕላኑ ፍጥነት ማጣቱን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ሲነቃ ካፒቴኑ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው ብሏል። ድካምም በሁለቱ አብራሪዎች ላይ ሳይኖር አይቀርም፤ ምን ያህል እንደ ጎዳ ግን ለይቶ መናገር አይቻልም ሲል ደምድሟል። ሆኖም ምርመራው የአንድን መጋቢ አብራሪ ሕይወት ለሕዝብ ገልጦ አሳየ። ረዳት አብራሪዋ የምትኖረው ሲያትል አካባቢ ነው፤ የተመደበችው ኒውርክ ነው። ከሥራዋ ቀን በፊት በነበረው ሌሊት በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን በሜምፊስ በኩል አገር አቋርጣ ጠዋት ኒውርክ ደረሰች፤ ከዚያም በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ያገኘችውን ያህል አረፈች። በረራዋ የተነሳው ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። በሕዝብ ፊት በተደረገው የምስክርነት ጉባኤ የዓመት ደመወዟ 16,000 ዶላር ገደማ ነው ተባለ። ኩባንያው በኋላ ቁጥሩን አርሞ ወደ 24,000 ይጠጋል አለ። ሁለተኛውን ብንወስድ እንኳ፣ በዚህ ገንዘብ ኒውርክ አካባቢ ቤት ተከራይቶ መኖር ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አገር የምትኖሩት እናንተ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ በኋላ ኮንግረስ በ2010 ሕግ አወጣ፤ በ2013 ሥራ ላይ ሲውል ረዳት አብራሪም በመሠረቱ የ1,500 ሰዓት በረራ እንዲኖረው ግድ ሆነ። የዕረፍት ሰዓት ደንቡም ተሻሽሎ በ2014 ጸና።

ወደ ሰልፉ ልመለስ። በ2010 ሐምሌ ፒናክል ሦስተኛ ኩባንያ ጨመረ፤ ሚኒሶታ ውስጥ በ1944 የተመሠረተውን ሜሳባን ከዴልታ በ62 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። አሁን ሦስት ሰልፍ ሆነ። የሦስቱም አብራሪዎች በዚህ ጊዜ በአልፓ ሥር ናቸው። ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ሕጉን ጥቂት ማየት አለብን።

እስከ 1978 ድረስ መንግሥት የአየር መንገድ ገበያውን ይቆጣጠር ስለነበር ውህደት ሲፈቅድ ለሠራተኛው መከላከያ ያስገባ ነበር። በጣም የታወቀው በ1972 አሌጌኒና ሞሃውክ ሲዋሃዱ የተደነገገው ነው፦ የሁለቱ ሠራተኞች ዝርዝር «ፍትሐዊና ሚዛናዊ» በሆነ መንገድ ይቀላቀል፣ ካልተስማሙ ገላጋይ ዳኛ ይወስን። ቁጥጥሩ ሲነሳ ይህም ግዴታ ቀረ። ውጤቱ በ2001 ታየ፤ አሜሪካን ኤርላይንስ ቲደብልዩኤ የተባለውን አየር መንገድ ሲገዛ የቲደብልዩኤ የበረራ አስተናጋጆች ሃያ ሠላሳ ዓመት ያገለገሉት ሳይቀሩ በሙሉ ከሰልፉ ጭራ ተደረጉ። ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ ቅነሳ ሲመጣ መጀመሪያ የወጡት እነሱ ሆኑ። ብዙዎቹ የሚዙሪ ነዋሪዎች ስለነበሩ የሚዙሪ ሁለት ሴናተሮች፣ ክሌር መካስኪል ከዴሞክራቶች፣ ኪት ቦንድ ከሪፐብሊካኖች፣ በ2007 መጨረሻ የአሌጌኒ-ሞሃውክን መርሕ ሕግ አድርገው መለሱት።

ይህ ሕግ ማኅበር ላለውም ለሌለውም ይሠራል። ሁለቱም ወገን በአንድ ማኅበር ከታቀፈ ግን የማኅበሩ የውስጥ ደንብ ይቀድማል። በአልፓ ደንብ እያንዳንዱ የአብራሪ ቡድን የራሱን ተደራዳሪዎች፣ የራሱን ጠበቃ፣ የራሱን የቁጥር ባለሙያ ያሰልፋል። ሦስት ነገር ይመዘናል፦ በአገልግሎት የቆየበት ዘመን፣ የያዘው ማዕረግና የሚያበረው የአውሮፕላን ዓይነት፣ እንዲሁም ውህደቱ ባይመጣ ኖሮ ወደፊት ሊያገኝ ይችል የነበረው። ይህ ሦስተኛው ብዙ ያከራክራል። ኩባንያችሁ ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር፣ ስለዚህ ሃያ ዓመት ብትቆዩም ተስፋችሁ ባዶ ነበር ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ከወዲያኛው ወገን ይነሳል።

ማኅበር የሌላቸው ሰዎችስ? ሕጉ «ፍትሐዊ» ይላል፤ ፍትሐዊ የሆነውን ግን ማስረጃ አቅርቦ፣ ባለሙያ ቀጥሮ ዳኛ ፊት የሚያሳይላቸው ወኪል ያስፈልጋል። ራሳቸው ገንዘብ አዋጥተው በችኮላ ኮሚቴ ያቋቁማሉ፤ ወይም ኩባንያው በሚያውቀው የውስጥ ማኅበር ይወከላሉ። ጉዳይ ያለው ሰው ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ ቢቆም መብቱ በወረቀት ላይ አለ። መብት በወረቀት ላይ መኖሩና ተከራክሮ ማግኘት የተለያዩ ናቸው።

ማኅበር መኖሩም ብቻውን ዋስትና አይደለም። የቲደብልዩኤ አብራሪዎች የአልፓ አባላት ነበሩ፤ በውላቸው ውስጥ የነበረውን የተራ መከላከያ እንዲተዉ ሲመከሩ ተዉት፤ ብዙዎቹ ከታች ተሰለፉ። ማኅበራቸውን ከሰሱ፤ በ2011 ኒው ጀርሲ ላይ የተሰየመ ጁሪ አልፓ በሚገባ አልወከላቸውም ሲል ፈረደ፤ በ2014 ጉዳዩ በ53 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ይህን የምናገረው ማኅበርን ለማጣጣል አይደለም። ሰዎቹ የሚከስሱት አካል ነበራቸው፣ ያም አካል ተጠያቂ ሆነ። ማኅበር ባይኖር ማንን ይከስሱ ነበር?

የፒናክል፣ የኮልገንና የሜሳባ አብራሪዎች በ2011 የካቲት አንድ የጋራ ስምምነት አገኙ፤ ዝርዝራቸውም በገላጋይ ዳኛ ውሳኔ ተቀላቀለ። ደመወዛቸው ተሻሻለ። ከሁሉ በላይ የተጠቀመው ከአራት ዓመት በፊት ምንም ውል ያልነበረው የኮልገን አብራሪ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ በሦስቱም ኩባንያ ዘንድ የታወቀ ሆነ። ደስታው ግን ረጅም አልነበረም። በ2012 ሚያዝያ 1 ፒናክል የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የኮልገን በረራ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ቆመ፤ የኮልገን ስምም አብሮ ጠፋ።

አሁን በቅርብ እንድታዩት የምፈልገው ነገር እዚህ ጋ ነው። በኪሳራ ውስጥ ያለ ኩባንያ ማኅበር የሌለውን ሠራተኛ ደመወዝ ሊቀንስ ሲፈልግ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ አለቀ። የኅብረት ስምምነት ካለ ግን ዳኛ ፊት ቀርቦ «ይህን ውል አፍርሱልኝ፣ ካልፈረሰ መዳን አልችልም» ብሎ ማስረዳት አለበት። ፒናክል ኒው ዮርክ በሚገኘው የኪሳራ ፍርድ ቤት ይህን ጠየቀ፤ ዳኛው በ2012 ኅዳር ጥያቄውን አልተቀበሉትም። አብራሪዎቹ መቀነስ ይኖርባቸው ይሆናል፤ የተጠየቁት ግን ከሚያስፈልገው በላይ ነው አሉ። ለአንድ መጋቢ አብራሪዎች በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ውስጥ ይህ ሲነበብ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሁለት ወር ሳያልፍ ግን እነዚያው አብራሪዎች ቅነሳውን በድምፃቸው ተቀበሉ። ዳኛው ማድረግ ያልቻሉት አንድ ነገር ስለነበረ ነው፦ ሥራውን የሚሰጠው ዴልታ ነው፤ ዴልታን ሥራ ስጥ ብሎ የሚያስገድድ ዳኛ የለም። የተሰጣቸው ምርጫ በተቀነሰ ደመወዝ 81 ባለ ሰባ ስድስት መቀመጫ ጀቶች ማብረርና ወደ ዴልታ የሚያሻግር በር ማግኘት፣ ወይም መዘጋት ነበር። ኩባንያው በ2013 የዴልታ ንብረት ሆኖ ከኪሳራ ወጣ፤ ስሙም ኢንዴቨር ኤር ተባለ። ዛሬም ይበራል።

ማኅበር የሌለበትን ወገን በተሻለ የምታዩት በስካይዌስት ነው። በ1972 በሴንት ጆርጅ፣ ዩታ የተመሠረተው ስካይዌስት ዛሬ ለዩናይትድ፣ ለዴልታ፣ ለአሜሪካንና ለአላስካ ይበራል። አብራሪዎቹ በብሔራዊ ማኅበር አልታቀፉም፤ በኩባንያው ውስጥ ተወካዮች አሏቸው። በ2005 ስካይዌስት አትላንታ የነበረውን አትላንቲክ ሳውዝኢስትን ከዴልታ በ425 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ የዚህኛው አብራሪዎች የአልፓ አባላት ናቸው። በ2007 አልፓ የስካይዌስትንም አብራሪዎች ለማቀፍ ምርጫ አስጠራ፤ አልተሳካለትም። በዚያ ጊዜ በነበረው ደንብ ድምፅ ያልሰጠ ሁሉ እንደ ተቃወመ ይቆጠር ነበር፤ በሰጡት ሰዎች ብዛት ብቻ እንዲወሰን የተደረገው በ2010 ነው። በዚያው በ2010 ኩባንያው ኤክስፕረስጄትን በ133 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ገዛ፤ ከአትላንቲክ ሳውዝኢስት ጋር በአንድ ፈቃድ አዋሃደው። ስካይዌስት ራሱ ግን ለብቻው ቆመ። ማኅበር ያለው ማኅበር ካለው ጋር ተዋሃደ፤ የሌለው አልተነካም።

በተዋሃደው ኤክስፕረስጄት ውስጥ ለዓመታት ሁለት የኅብረት ስምምነት ጎን ለጎን ሠራ። በ2014 ጥር አንድ የጋራ ስምምነት ለድምፅ ሲቀርብ አብራሪዎቹ አንፈልግም አሉ። ኩባንያው እየተመናመነ ሄደ፤ በ2019 በ70 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2020 ዩናይትድ ሥራውን ኮምዩትኤር ለተባለ ሌላ መጋቢ ለመስጠት ወሰነ፤ መስከረም 30 ቀን በረራው ቆመ። ማኅበር የሌለው ስካይዌስት አደገ።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲህ ማኅበር ጎጂ ነው» የሚል ሰው አለ፤ መከራከሪያው ክብደት አለው። እኔ አልቀበለውም። የስካይዌስት አብራሪ ከተቀነሰው ወንድሙ የተሻለው በራሱ ስምምነት አልነበረም፤ ባለቤቱ አውሮፕላኑን ወደ እሱ ማዞር ስለመረጠ ነው። ነገ ሌላ ርካሽ ኩባንያ ቢገዛ ወዴት እንደሚያዞር የሚያስረው ነገር ምንድን ነው? ሌላም ማስረጃ አለ፤ ለአሜሪካን ኤርላይንስ የሚበሩት ፒኤስኤና ኤንቮይ ሁለቱም በአልፓ የታቀፉ ናቸው። ፒኤስኤ በ2013 ቅናሽ ተቀብሎ ትልልቅ ጀቶች አገኘ፤ ኤንቮይ በ2014 እንቢ ሲል አውሮፕላኑ ተወሰደበት። አንድ ማኅበር፣ ሁለት ሰልፍ፣ ያው ውጤት፦ አውሮፕላኑ የሄደው ወደ ረከሰው ነው። ሥራ ሰጪው አንድ፣ ሥራ ፈላጊው ብዙ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ማኅበሩ የሚጠብቀው ሰልፉን እንጂ ታክሲውን አይደለም።

ከ2021 በኋላ አብራሪ ሲጠፋ ነገሩ ተገለበጠ። በ2022 የአሜሪካን ኤርላይንስ መጋቢዎች ለጀማሪ ረዳት አብራሪ በሰዓት 90 ዶላር መክፈል ጀመሩ፤ ማኅበር የሌለው ስካይዌስትም በዚያው ዓመት ደመወዝ ከፍ አደረገ። እጥረት ሁሉንም ያነሳል። እጥረቱ ሲያልፍ ደመወዙ በምን እንደሚታሰር ግን በሁለቱ ዘንድ አንድ አይደለም፤ በአንደኛው በውል፣ በሌላኛው በኩባንያው ፈቃድ ነው።

ከእናንተ መካከል ልጁን ለአብራሪነት የሚያስተምር ቢኖር፣ ልጁ ለቅጥር ሲቀርብ ስለ ደመወዙ ብቻ አይጠይቅ። ኩባንያችሁ ቢሸጥ የኔን ተራ የሚከራከርልኝ ማን ነው? የሌላ ኩባንያ አብራሪዎች ከእኛ ጋር ሲቀላቀሉ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ማን ነው? አውሮፕላኑ የማን ነው፣ የበረራ ውሉስ የሚያበቃው መቼ ነው? መልሱን በጽሑፍ ይጠይቅ።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ።